በስሙ ውስጥ «ግራፍ ፎን» ያለበት ሰው ዛሬም ባለማዕረግ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጅማ ከተማ ቡና አቅራቢ ነኝ። ከአንድ የጀርመን ገዢ ድርጅት የመጣ ሰው በሰጠኝ የስም ካርድ ላይ ከግል ስሙ ቀጥሎ «ግራፍ ፎን» የሚል ሰፍሯል። ጓደኞቼ የመኳንንት ማዕረግ ስለሆነ በማዕረጉ ጥራው ይሉኛል። ውል ልንፈራረም ስለሆነ አጻጻፉንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ «ፎን» ያለው ሁሉ የመኳንንት ወገን ነው? ዘራቸውንስ በምን ያረጋግጣሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ግራፍ» የጀርመን መኳንንት ማዕረግ ነበር፣ «ፎን» ደግሞ «ከ» ወይም «የ» ማለት ነው። እንግዳዎ የጥንት ባላባቶች ዘር ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሕግ ፊት ግን ከማንኛውም ጀርመናዊ የተለየ መብት የላቸውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 የወጣው የጀርመን (የቫይማር) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 109 በመወለድ የሚገኘውን ብልጫ ሽሮ፣ ማዕረጎች የስም አካል ሆነው ብቻ እንዲቀሩና አዲስ ማዕረግ ለማንም እንዳይሰጥ ደነገገ። ኦስትሪያ በዚያው ዓመት ከዚህ ጠንክራ «ፎን»ን ሳይቀር ከዜጎቿ ስም ፋቀች።

ግራፍነት ከእኛ ደጃዝማችነት ጋር ባይነጻጸር ይሻላል። ደጃዝማችነት በሹመት የሚገኝ ነበርና የደጃዝማች ልጅ በመወለዱ ብቻ ደጃዝማች አይባልም፤ በጀርመን ግን በአብዛኛው የግራፍ ልጆች ሁሉ፣ ታናናሾቹም ጭምር፣ ማዕረጉን ከአባታቸው ይወርሱ ነበር። ባለማዕረጎቹ እንደዚያ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው።

«ፎን» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መነሻው የትውልድ ቦታን ወይም ርስትን ማመልከት በመሆኑ፣ በተለይ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ከመኳንንት ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ቤተሰቦችም ይጠሩበታል፤ በአንጻሩ እንደ ክኒገ ያሉ የባላባት ቤተሰቦች ያለ «ፎን» ኖረዋል። ባላባትነታቸው በ14ኛው መቶ ዓመት ወይም ከዚያ በፊት በሰነድ የተመሰከረላቸው ነባር ቤተሰቦች አንድ ወገን ሲሆኑ፣ ሌላው ወገን በንጉሥ ደብዳቤ የከበረው ነው። ባለቅኔው ጎተ አያቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እርሱ ግን በ1782 ከንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በተሰጠው ደብዳቤ «ፎን ጎተ» ተባለ።

የዘር ማረጋገጫው ነገር ሰፊ ነው። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት በቃል እንደምንቆጥር ሁሉ፣ እነርሱ በወረቀት ይቆጥሩ ነበር፤ ለምሳሌ ወደ አንዳንድ የመኳንንት ገዳማት ወይም የፈረሰኞች ማኅበራት ለመግባት የሚፈልግ ሰው የቅድመ አያቶቹ ወላጆች የሆኑት 16ቱም፣ በአባትም በእናትም በኩል፣ ባላባቶች እንደነበሩ በጋሻ ላይ ከሚሳለው የቤተሰብ ምልክታቸው ጋር ማሳየት ነበረበት። አንዲት የነጋዴ ልጅ በመካከል ከተገኘች በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ለገንዘብ ሲሉ ሀብታም ነጋዴ ቤት ያገቡ ስንቶች የልጅ ልጆቻቸውን በዚህ እንዳስቀሩ መገመት አያዳግትም። ከ1763 ጀምሮ ደግሞ በጎታ ከተማ የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን ቤቶች ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግብ መጽሐፍ በየዓመቱ ይታተም ነበር። ዛሬ የዘር ሰነዶቹ በማርቡርግ በሚገኝ የመኳንንት ቤተ መዛግብት ይጠበቃሉ። በአሁኑ ሕግ ስሙ በእናት ወይም በጉዲፈቻ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ መታወቂያው ላይ ግራፍ ተብሎ የተጻፈን ሰው የመኳንንቱ ማኅበራት እንደ ወገን ላይቀበሉት ይችላሉ፤ መንግሥት ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ወደ ውልዎ ስንመለስ፣ በንግግር ከቤተሰብ ስማቸው በፊት «ግራፍ» ብሎ መጥራት የቆየ ጨዋነት ስለሆነ ቢያደርጉት አይከፋም፤ ግዴታ ግን አይደለም። በጽሑፍ «ግራፍ ፎን» ከነተከታዩ ሙሉ የቤተሰብ ስም ነውና ከግል ስሙ በኋላ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይስፈር፤ «መስፍን» ወይም «ክቡር» ብለው አይተርጉሙት፣ አይዝለሉትም። እንግዳዋ ሴት ብትሆን ኖሮ «ግሬፊን» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በውሉ ላይ ያለው ስም በባንክ ሰነዱ ላይ ካለው በአንዲት ቃል እንኳ ቢለያይ ክፍያው ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ።