ዝም ያለ ሴንሰር ደህና ነው ማለት አይደለም

ልጆቼ እንደምን ናችሁ፣ እኔ አዳማ ነኝ፣ ነፋሱ ዛሬም አቧራውን አንስቶ በር ዝጉ መስኮት ዝጉ እያሰኘን ነው። ሰሞኑን ኔትወርክ ተምረው የተመረቁ ሶስት ልጆች ስራ ልንጀምር ነው ብለው ቤቴ ድረስ መጥተው "ጋሼ እስቲ ይምከሩን" አሉኝ፣ እኔም ቡና አስፈልቼ ወሬውን በወሬ አድርጌ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው እንደቀረሁ የገባኝ፣ ዋናው ነገር የራሴ ጥፋት ያለበት ታሪክ ስለሆነ ይመስለኛል ምላሴ እምቢ ያለው። በፅሁፍ ይቀለኛል፣ ይኸው።

አምስት ስድስት አመት ይሆነዋል፣ እዚሁ ከተማ የእንስሳት መድሃኒት የሚሸጥ ወዳጄ የዶሮ ክትባት የሚያስቀምጥበትን ፍሪጅ የሚጠብቅ ነገር ስራልኝ አለኝ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሀል ነው መቀመጥ ያለበት፣ ከዛ ወጥቶ ከቆየ ዶሮውን ወግታችሁ ምንም እንዳልወጋችሁ ነው። እኔም ሰራሁለት፣ ትንሽዬ ቦርድ፣ የሙቀት ሴንሰር፣ በሱቁ ዋይፋይ በኩል ሙቀቱ ከ8 ሲያልፍ ስልኩ ላይ መልእክት የሚልክ። ሞከርነው፣ የፍሪጁን በር ከፍተን ቆምን፣ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጢን አለ፣ ወዳጄ ደስ ብሎት ክትፎ ጋበዘኝ።

በሳምንቱ ሌሊት መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ቆመ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፣ ሴንሰሬ በባትሪ ነበር የሚሰራውና ሁሉንም ነገር ቁጭ ብሎ አየ፣ 9 አለ፣ 11 አለ፣ 15 አለ። ሊናገር ሲሞክር ግን ራውተሩም፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ እንደ ፍሪጁ ከዛችው ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰካው፣ እሱም ጠፍቷል። ጠዋት መብራት መጣ፣ ራውተሩ ነቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመው መልእክት ወዳጄ ቁርስ እየበላ ስልኩ ላይ ተንጋግቶ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኔ በሰራሁት ማሽን ተፈፀመ። ክትባቱ በሙሉ ተጣለ። ወዳጄ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ እሱ ነው የበለጠ ያመመኝ።

ለብዙ ቀን ኮዱን ሳገላብጥ ከረምኩ፣ ኮዱ ላይ አንድም ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ ማከፋፈያው ላይ። እኔ ሱቁን ያየሁት መብራት ባለበት ቀን፣ ሰውየው እየሳቀ፣ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ነው፣ ማሽኑ የሚፈለገው ደግሞ ልክ እነዛ ነገሮች በሌሉበት ሰአት ነው። መብራት መጥፋቱን የሚያሳውቅ ነገር መብራት የሚፈልግ ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ እንዲህ ስፅፈው አሁንም ያሳፍረኛል።

መፍትሄው ሲም ካርድ ጨምርበት ብቻ አይደለም። ሲምም ጨመርኩ፣ ግን የስልክ ማማውም መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይ በጀነሬተር ነው የሚቆየው፣ እሱም የሚያልቅበት ቀን አለ። ዋናው ለውጥ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ድሮ ማሽኑ ችግር ሲኖር ብቻ ነበር የሚናገረው፣ ስለዚህ ዝም ሲል "ደህና ነኝ" ማለቱም "ሞቻለሁ" ማለቱም አንድ ይመስላል። አሁን በየ5 ደቂቃው "አለሁ" ይላል፣ ሩቅ ያለው ሰርቨር፣ መልእክቱን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ያንን ድምፅ ካጣ ራሱ ሰውየውን ይቀሰቅሳል። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ኤምኪውቲቲ የሚባለውን ፕሮቶኮል፣ ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ታውቁታላችሁ፣ በ1999 በፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያለው አመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የሚባሉ ሰዎች በረሃ ላይ የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል ብለው የሰሩት ነው፣ ሳተላይቱ ውድ ስለነበረ መልእክቱ በጣም አጭር እንዲሆን ነው የታሰበው። እሱ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ፣ ማሽኑ ገና ሲገናኝ ኑዛዜ ያስቀምጣል። "እኔ ድንገት ከጠፋሁ ይሄን ቃል ለእገሌ ንገሩልኝ" ብሎ ሰርቨሩ ዘንድ ይተዋል፣ ከዛ በተባባሉት ሰአት ድምፁ ካልተሰማ፣ ደንቡ የሰአቱን አንድ ጊዜ ተኩል ጠብቅ ይላል፣ ሰርቨሩ ኑዛዜውን ያነባል። አያቶቻችን በደህናቸው ቀን ሽማግሌ ጠርተው የሚናዘዙት ለዚሁ አይደል። ሰርቨሩ ግን እዛው ሱቅ ውስጥ ከሆነ ከሟቹ ጋር አብሮ ነው የሚቀበረው፣ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ልጆቹ የነገሩኝን ልጨምር። አንደኛው የመመረቂያ ስራው አፕ ነው፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ስትገባ ስልክህን ራሱ ድምፅ የሚያጠፋ። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ቅዳሴ መሀል ስልኩ በዘፈን የጮኸበት ሰው ያውቀዋል። ለባጃጅ ሹፌር ጎረቤቱ ጫነለት። ሹፌሩ በሁለተኛው ቀን አጥፍቶ መለሰለት፣ "ደንበኛ እየደወለ አይሰማኝም" አለው። ለካ ሰውየው ሰልፍ ይዞ የሚውለው ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ነው! ጂፒኤሱ ሜዳ ላይ እንኳን ጥቂት ሜትር ይስታል፣ ያውም ቢያንስ አራት ሳተላይት አይቶ፣ እስከ 2000 ድረስማ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለሲቪሉ ሆን ብለው ያዛቡት ነበር። ግን ጂፒኤሱ አንድ ሴንቲ ባይስትም ያው ነው። አጥሩ ስር ቆሞ የሚፀልይና አጥሩ ስር ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሰው ሎኬሽናቸው አንድ ነው።

እኛ እኮ ይሄን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ስልክ ስናነሳ ሰላምታው ሳያልቅ ምንድነው የምንለው? "የት ነህ?" ከዛ "ማውራት ይመችሃል?"፣ ነገሩ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ "አጠገብህ ማን አለ?" በ1994 ቢል ሺሊትና ጓደኞቹ የሚባሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ያለበትን ሁኔታ አይቶ ለሚሰራ ማሽን ኮንቴክስት አዌር የሚለውን ስም ሲያወጡ፣ እኔ ሁኔታ አዋቂ እለዋለሁ፣ ሁኔታ ማለት በአጭሩ የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ በቅርብህ ምን አለ ነው ብለው ነበር የፃፉት። እናቴ አንድም መስመር ሳታነብ ትጠይቀኝ የነበረው ጥያቄ ነው። እና እናቴ "ቤተክርስቲያን በር ላይ ነኝ" ብላት እዛው አታቆምም፣ "ገብተህ ነው ወይስ ውጭ?" ትላለች። ለልጁም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ አፕህ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ፣ ካልቻለም ሰውየው በአንድ ጣት የሚመልሰው ይሁን፣ ደግሞም ሲሳሳት ወደ የትኛው በኩል ቢሳሳት ይሻላል የሚለውን አስብ። ለምእመኑ ስልኩ መጮሁ ነው ነውሩ፣ ለሹፌሩ ዝም ማለቱ ነው እራት የሚያሳጣው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ቆማችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ ሰው ፎቶ ይነሳባቸዋል እንጂ አያያቸውም። እላያቸው ላይ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚለካ ትንሽ መሳሪያ አለ፣ ነፋሱ ሲዞር ያ ሁሉ ክብደት በሞተር ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ለእያንዳንዷ ሽውታ ግን አይዞርም፣ ቆይቶ አማካዩን አይቶ ነው፣ አለዚያ ሞተሩ በወሩ ያልቅ ነበር። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ፣ ብዙዎቹ በሰከንድ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ ክንፋቸውን ነፋሱ እንዳይገፋው በስሱ ጎኑ አዙረው ይቆማሉ። ሴንሰሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኖቲፊኬሽን የምትልኩ ልጆች ሄዳችሁ እዛ ስር ግማሽ ቀን ተቀመጡ፣ ጃኬት ያዙ ብቻ።

የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም የምትሰሩት ስልክ ላይ ነው፣ ስልክ ደግሞ እግር አለው። ከአዳማ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፣ እያወራችሁ ስትሄዱ ስልኩን ማማዎቹ ስንቴ እንደተቀባበሉት አታውቁም። ስልኩ የጎረቤት ማማዎችን ጉልበት እየለካ ያሳውቃል፣ ኔትወርኩ አሁን ወደዚኛው ሂድ ይለዋል፣ ወሬው አይቋረጥም። ከቤት ዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ስትቀይሩ ግን ሌላ ነው። ሪያድ ካለችው ልጄ ጋር በኢንተርኔት እያወራሁ ከግቢው በር ስወጣ ሁልጊዜ እዛችው ብረት በር ላይ ድምፅዋ ይቆረጣል፣ "አባዬ በር ላይ ደረስክ አይደል" ትለኛለች ስትመለስ። ምክንያቱ አድራሻዬ መቀየሩ ነው። ቲሲፒ የሚባለው የድሮው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ደንብ ኮኔክሽኑን፣ ማለትም ግንኙነቱን፣ የሚያውቀው በአይፒ አድራሻው፣ ኔትወርኩ ለስልኩ በሚሰጠው ቁጥር ነው፣ አድራሻው ሲቀየር ሰውየው ሌላ ሰው ይሆንበታል። በ1996 ሞባይል አይፒ የሚባል መላ ወጣ፣ ቤትህ አንድ ወኪል ትተዋለህ፣ አዲስ ቦታ ስትደርስ አሁን እዚህ ነኝ ትለዋለህ፣ የመጣልህን ሁሉ ያስተላልፍልሃል። ኮንዶሚኒየም ስትለቅ ለጥበቃው ስልክህን ትተህ "እቃ ከመጣልኝ ደውልልኝ" እንደማለት ነው። በ2021 ደረጃው የወጣለት ኩዊክ የሚባል አዲስ ደንብ ደግሞ ነገሩን ከስሩ ቀየረው፣ ኮኔክሽኑ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ አድራሻው ቢቀየርም በቁጥሩ ይታወቃል። አሁን የምትሰሩ ልጆች እሱን ብታውቁት ብዙ ለቅሶ ይቀንስላችኋል።

ቲሲፒ ሌላም ችግር ነበረበት፣ ፓኬት፣ ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል፣ ሲጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በገመድ ዘመን ትክክል ነበር። በአየር ላይ ግን ፓኬቱ የጠፋው አንድ አውቶቡስ መሀል ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ ባዶ ነው። አቧራ ባየ ቁጥር ትራፊክ አለ ብሎ ፍሬን የሚይዝ ሹፌር አስቡት፣ እሱን ሹፌር አዳማ ላይ ማን ይሳፈርለታል።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳን ኔትወርክ ይቋረጣል። ከልጆቹ አንዷ ለአንድ ምግብ ቤት ማዘዣ አፕ ሰርታ ሰውየው ሽሮ ብሎ ሲጫን ክቡ ይዞራል ይዞራል፣ ደገመ፣ ሰለሰ፣ ሶስት ሽሮ መጣለት። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔ ግን "ሽሮ ባይሆን፣ ገንዘብ ቢሆንስ?" አልኳት። ትእዛዙ ስልኩ ላይ ገና ሲፈጠር የራሱ ቁጥር ይሰጠው፣ አስር ጊዜ ቢላክም ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ "ይቺን ተቀብያለሁ" ይበል፣ ኔትወርክ ከሌለም ስልኩ ይያዘውና ሲመጣ ይላከው፣ ለሰውየውም ተይዟል ገና አልሄደም ብላችሁ እውነቱን ንገሩት። የሚዞር ክብ ምንም አይናገርም።

ሰው መከታተልን በተመለከተ አጭር ነገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ካምብሪጅ ኦሊቬቲ ላብራቶሪ ውስጥ ሰራተኛው ደረቱ ላይ የሚያደርገው ባጅ ነበር፣ በየ15 ሰከንዱ በኢንፍራሬድ እዚህ ነኝ ይላል፣ ስልክ ሲደወልለት ካለበት ክፍል ይጠራል። በጊዜው ተአምር ነው፣ ግን ያኔም አለቃዬ ሽንት ቤት የቆየሁበትን ሊቆጥር ነው ያለ አልጠፋም። እዚህም እቃ የሚያደርስ ድርጅት ያለው ሰው የሹፌሮቹን ስልክ ቀን ከሌት በካርታ ላይ እንዲያይ አንድ ልጅ ሰራለት፣ ለሹፌሮቹ ማንም አልነገራቸውም፣ ሲደርሱበት አንደኛው ስልኩን ሊስትሮው ጋ አስቀምጦ የግል ስራውን መስራት ጀመረ። ካርታው ላይ ሰውየው መናኸሪያ አጠገብ ስድስት ሰአት ጫማ ያስጠርጋል። መጀመሪያ ብትነግሩት፣ ከስራ ሰአት ውጭ ቢጠፋለት፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያደርገው ነበር።

ማርክ ዋይዘር የሚባል ሰው፣ ዜሮክስ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በ1988 ነው ኮምፒውተር በየቦታው የሚለውን ሀሳብ ስም ያወጣለት፣ በ1991 ዋናውን ፅሁፉን አወጣ፣ በ1999 ገና በ46 አመቱ ሞተ። ህልሙ ኮምፒውተሩ ኑሮ ውስጥ ገብቶ እንዳይታይ ነበር። አዳማ ላይ ግን የማይታይ ነገር ሲበላሽም አይታይም፣ የፍሪጁ ነገር ይሄንን ነው ያሳየኝ። ስለዚህ ማሽናችሁን ከመግጠማችሁ በፊት ቦታው ላይ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ማከፋፈያውን ነቅላችሁ እዩ፣ ባጃጅ ውስጥ ይዛችሁት ከፖስታ ቤት እስከ ከተማው ዳር ሂዱ፣ ሲም ካርዱን አውጡት። ቢሮ ቁጭ ተብሎ የተሰራ ማሽን ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው የሚሰራው።

የወዳጄ ፍሪጅ ያው አለ። ኑዛዜው ለሁለታችንም እንዲደርስ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ሀሙስ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ "የፍሪጁ ማሽን ድምፁ ጠፍቷል" ይላል። ደነገጥኩ፣ መነፅሬን ፈልጌ ደወልኩለት። ገና ሲያነሳ "የት ነህ?" አልኩት።

"ሱቅ ነኝ፣ ጀነሬተሩን እያስነሳሁ ነው፣ አንተ ተኛ" አለኝ።