የጫካ ወንድሞችን ታሪክ ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ስለ ባልቲክ የጫካ ወንድሞች፣ ጫካ ገብተው የሶቪየትን አገዛዝ ስለተዋጉት ሽምቅ ተዋጊዎች ማለቴ ነው፣ ሊጽፍ የሚነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚያሳድደው የተኩሱን ወሬ ነው። አልፈርድበትም። ግን ሊትዌኒያ ውስጥ ከ1944 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የሽምቅ ውጊያ ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ ተዋጊዎች እንዴት እንዳለቁ የሚገባችሁ ከመሬት በታች የነበረውን መጠለያ ስታውቁ ነው።

መጠለያው በገበሬ ቤት ወለል ሥር፣ በጎተራ ወይም ጫካ ውስጥ ሌሊት ይቆፈራል። ትልቁ ጣጣ የሚወጣው አፈር ነው፤ ትኩስ አፈር ስለሚያሳብቅ እየተሸከሙ ወንዝ ይደፉታል። ግድግዳው በግንድ ይደገፋል፤ ክዳኑ ሣር ይለብሳል። አየር ማስገቢያው ጠቦ ሰው ከበዛ ኩራዙ ይጠፋል። ፈታሾች መሬቱን በረጅም ብረት እየወጉ ያስሳሉ። በክረምት በረዶው ዱካ ስለሚይዝ ስንቅ አስገብቶ ለሳምንታት አለመውጣት ግድ ነበር።

ከብረቱ ይልቅ የጎዳቸው ግን ሰርጎ ገብ ነው። ዩኦዛስ ማርኩሊስ የተባለው ሐኪም በ1946 ተዋጊዎቹን በአንድ ዕዝ ሥር አሰባስባለሁ ብሎ አመራሩ ውስጥ ገባ፤ ለካ የሶቪየት ደኅንነት ወኪል ኖሯል። የሚያበላቸውም ገበሬ አልተረፈም፤ በሜይ 1948 ወደ 40 ሺህ ሰው ከሊትዌኒያ ወደ ሳይቤሪያና አካባቢው ተጋዘ።

በሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ያለውን የሶቪየት ደኅንነት መዝገብ ስታገላብጡ ተዋጊውን ሁሉ «ሽፍታ» ይለዋል። ይህ ብዙም አያሳስትም፤ የሚያሳስተው በስቃይ የወጣ የምርመራ ቃል ነው። የተዋጊዎቹ መሪ የነበሩት አዶልፋስ ራማናውስካስ ኦክቶበር 12 ቀን 1956 በተያዙበት ዕለት ሆስፒታል የገቡት ሊሞቱ ተቃርበው ነበር፤ የሕክምና መዝገቡ ዓይናቸው መወጋቱን ሳይቀር ይዟል። ስለዚህ አንድ ሰው የተያዘበትን ቀን፣ የሕክምና ወረቀቱንና ቃሉን የሰጠበትን ቀን ሳታስተያዩ ከቃሉ አንድ መስመር እንዳትጠቅሱ።

ደግሞ ለጀግና ብላችሁ አትደብቁ። ከተዋጊዎቹ መካከል በ1941 አይሁዶችን በመግደል የተሳተፉ ነበሩ፤ «የሶቪየት ተባባሪ ነው» ተብሎ በእነሱ እጅ የተገደለ ሰላማዊ ሰውም አለ። ሁሉንም በጅምላ ማጠብም ማጠልሸትም ስንፍና ነው፤ በየስሙ መርምሩ።

ስም ካልኩ አይቀር፣ ተዋጊው በቅጽል ስም ይጠራል፤ ይቀይረዋልም። አንዱን ቅጽል ስም በተለያየ አውራጃ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ካርድ ስታዘጋጁ እውነተኛውን ስም፣ ቅጽሉን፣ አውራጃውንና ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ፤ አለዚያ በ1947 የሞተውን ሰው በ1950 ታዋጉታላችሁ።