የአንባቢያን ጥያቄ፦ ገንቦ ይዘው መድረክ ስለወጡት ልጆች

ባለፈው እትም እዚሁ አምድ ላይ ስለ ድሮ ሳይኬዴሊክ ሮክ (በ60ዎቹ የተነሳው፣ አሲድ ሮክም የሚሉት ሙዚቃ) ባንዶች አንዲት አጭር መልስ ሰጥቼ ነበር፣ ከዛ በኋላ ከጅማ ብቻ የመጣው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ስለበለጠ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ለሱ ለቅቄዋለሁ። እኔም እዛው ሂርማታ አካባቢ ስላደግኩ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከቆጪ)፦ የ19 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ጆሮው ላይ ሰክቶ አሲድ ሮክ የሚባል ዘፈን ይሰማል። ጎረቤቴ አሲድ ማለት ዕፅ ነው ብላኝ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክለው ወይ? ድምፁስ ለምንድነው እንደተቀደደ ስፒከር የሚንጫጫው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ ስለ ስሙ ያለችው ልክ ነው። አሲድ የሚባለው ኤልኤስዲ የሚሉት ዕፅ የመንደር ስሙ ነው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ አልበርት ሆፍማን የሚባል ኬሚስት በ1938 የሠራው፣ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን በ1943 በራሱ ላይ ያየው ነገር ነው። በ60ዎቹ አጋማሽ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያለው ወጣት በብዛት ይወስደው ነበር፣ ካሊፎርኒያ እንኳን በሕግ የከለከለችው በ1966 መጨረሻ ላይ ነው፣ እና ሙዚቀኞቹ ያን ጊዜ ያዩትን የሰሙትን በድምፅ ለማሳየት ሲሞክሩ ሙዚቃው ስሙን ከዛ ይዞ ቀረ።

ድምፁ ግን ከዕፁ አይደለም የሚመጣው፣ እቺን ያዙልኝ። የሚመጣው ከሽቦና ከትራንዚስተር ነው። ጀበና ሲገነፍል ስንቴ አይተዋል፣ ቡናው ከልክ በላይ ሲፈላ የተረፈው ይፈሳል፣ የሚቀረው እስከ አፉ ድረስ ያለው ብቻ ነው። ፈዝ የሚባለው ትንሽ ሣጥንም የጊታሩን ድምፅ ከሚይዘው በላይ ያፈላዋል፣ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ እኛ ጆሮ ላይ ሲደርስ የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። ይሄ መሣሪያ ገበያ ላይ የወጣው በ1962 ነው፣ አሲድ ሮክ የሚባል ቃል ሳይኖር። ሌላው ዋዋ የሚሉት በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው፣ ሕፃን ልጅ አፉን በመዳፉ እየዘጋ እየከፈተ ሲጮህ የሚያወጣውን ድምፅ ጊታር ላይ ያመጣል፣ እሱን ደግሞ እርስዎ በወጣትነትዎ በሬዲዮ የሰሟቸው የአማርኛ ዘፈኖች ውስጥም አለ፣ ልብ ብለው ይስሙ።

ስለዚህ አይከልክሉት ባይ ነኝ። ይልቅ አንድ ቀን ቡና ሲያፈሉ ስፒከር ላይ አድርገው ይበሉትና አብረው ይስሙ፣ ከዛ ሮኪ ኤሪክሰን ምን ሆነ ብለው ይጠይቁት። ቴክሳስ ውስጥ ሰርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ የሚባል ባንድ ድምፃዊ ነበር፣ ሲጀምር ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ዕድሜው። ያ ባንድ ኤልኤስዲን እንደ ትምህርት ነበር የሚሰብከው። ሮኪ በ1968 አእምሮው ታወከ፣ በ1969 ማሪዋና ይዞ ተገኘ፣ ከረጅም እስር ለማምለጥ ጠበቃው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብሎ ተከራከረለትና እስከ 1972 ድረስ ወንጀለኞች የሚታሰሩበት የአእምሮ ሆስፒታል ገባ። ዘፈኑን የሚወድ ልጅ ይሄን ታሪክ ማወቅ አለበት፣ ከእናቱ አፍ ቢሰማው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል።

ጥያቄ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ሄንድሪክስ፣ ዶርስ፣ ፒንክ ፍሎይድ ሰምቼ ጨርሻለሁ። ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ንገረኝ፣ ለምን እንደተረሱም ጭምር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ስለተረሱ ብቻ ጥሩ አይሆኑም። ከዛ ዘመን የተረሱ ብዙ ባንዶች ሰምቼ ሁለተኛ ያልመለስኳቸው አሉ፣ ሃያ ደቂቃ ኦርጋን ተጭነው የሚቀመጡ። የምነግርህ ስመለስባቸው የኖርኩትን ነው።

ከላይ ካነሳኋቸው ከኤሌቬተርሶቹ ጀምር። በ1965 መጨረሻ ኦስቲን ከተማ ተቋቋሙ፣ በ1966 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ሳይኬዴሊክ የሚለውን ቃል ስሙ ላይ ከለጠፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ስትሰማው ከጊታሩና ከድራሙ ሥር አንድ የማይቆም ቅልቅል ድምፅ አለ፣ ዶሮ የሚያስካካ ወይ ውሃ የሚንቆረቆር የሚመስል፣ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ቴፔ ተበላሸ ብዬ አቁሜዋለሁ። ገንቦ ነው። ቶሚ ሆል የሚባለው አባል ገንቦ አፉ ላይ ይዞ፣ ማይክ ከገንቦው አፍ አስጠግቶ በጉሮሮው ድምፅ ያወጣበታል፣ ኤሌክትሪክ ገንቦ ብለውታል። የምር ከሆነ ቤት ውስጥ ባዶ የጠላ ገንቦ ፈልግና አፍህን ጠርዙ ላይ ሳትገጥም ትንሽ ራቅ አድርገህ ቶሎ ቶሎ አጉረምርምበት፣ ድምፅህ ውስጥ ዞሮ ወፍሮ ሲመለስልህ ይገባሃል። አንድ ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ ሠንጠረዥ ላይ 55ኛ ደርሶ ነበር፣ ከዛ በላይ አልሄዱም፣ ያሳታሚያቸው ኩባንያ ሂውስተን ውስጥ ያለ ትንሽ ድርጅት ነበር፣ ድምፃዊው ታሰረ፣ በቃ።

ቀጥሎ ሲልቨር አፕልስ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ጊታር የሚባል የለም። ሲሚየን የሚባለው ድምፃዊ ከሮክ ባንድ ጋር ሲዘፍን አንድ ቀን የድሮ ኦስሌተር መድረክ ላይ ይዞ ወጣ፣ ኦስሌተር ማለት ሬዲዮ ጠጋኝ ዕቃ ሲፈትሽ የሚጠቀምበት፣ "ዊይይይ" የሚል እቃ ነው፣ ጊታሪስቶቹ ጠልተውት አንድ በአንድ ጥለው ሄዱ፣ ዳኒ ቴይለር የሚባለው ድራመር ብቻ ቀረ። ሲሚየን ታዲያ ኦስሌተሮቹን እየደራረበ፣ ቁልፎቹን በእጁ፣ በክርኑ፣ በጉልበቱ፣ በእግሩ እየተጫነ ቤዙንም ዜማውንም ብቻውን ይጫወት ጀመር። ይሄ 1968 ነው፣ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ሙዚቃ ቀድመው ነው የሠሩት። ያጠፋቸው ደግሞ የአልበም ሽፋን ነው፤ በ1969 በወጣው ሁለተኛው አልበማቸው ፊት ላይ የፓን አም አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ፣ ጀርባው ላይ የተከሰከሰ አውሮፕላን ፎቶ አለ፣ አየር መንገዱ ከሰሳቸው፣ ሸክላው ከገበያ ጠፋ፣ ባንዱም ተበተነ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የሰዎች ጆሮ ሲፈልጋቸው ተመልሰው ተጫውተዋል፣ አሁን ሁለቱም በሕይወት የሉም።

ብሉ ቺርን ለጉልበቱ ስማ፣ በ1968 በሦስት ሰው ብቻ ያን ያህል ድምፅ ያወጣ አላውቅም። ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ የሚባለውም አለ፣ አንድ አልበም በ1968 አውጥተው የፈረሱ፣ በጊታር ፋንታ ኤሌክትሪክ ቫዮሊን የያዙ። እንዲህ ያሉትን አንድ በአንድ መፈለግ ከከበደህ በ1972 ነጌትስ በሚል ስም የወጣውን ስብስብ ፈልግ፣ 27 ዘፈን ነው፣ ከ1965 እስከ 1968 የወጡና ሰው የረሳቸውን ሌኒ ኬይ የሚባል ጊታሪስት ለቅሞ ያስቀመጠው፣ ኤሌቬተርሶቹም አሉበት። እሱ ባይለቅማቸው ብዙዎቹ ዛሬ አንሰማቸውም ነበር፣ ምክንያቱም የመንደር ኩባንያ ጥቂት ኮፒ ያትማል፣ ካልተሸጠ ሁለተኛ አያትምም፣ ባንዱ ይፈርሳል፣ ሸክላው አንዱ ቤት ቁም ሣጥን ሥር ይቀራል። አብዛኛው ባንድ የተረሳው እንዲህ ነው።

ጥያቄ (ጊታሪስት፣ ከፈረንጅ አራዳ)፦ ሁሌ የፈረንጅ ባንድ ነው የምትጠሩት፣ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም ወይ? ሙላቱ አስታጥቄ እኮ የጅማ ልጅ ነው፣ እሱስ ሳይኬዴሊክ አይባልም?

መልስ፦ ነበረ እንጂ! እኔ እንደውም አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ ዛምቢያን ነው የምመርጠው። ዛምሮክ ይባላል። ዛምቢያ በ1964 ነፃ ወጣች፣ መዳብ በደንብ ይሸጥ ነበር፣ ኪትዌና ንዶላ አካባቢ የማዕድን ሠራተኛው ደሞዝ ነበረው፣ የማዕድን ሠፈር ልጆች ሄንድሪክስንና ሮሊንግ ስቶንስን በሸክላ እየሰሙ አደጉ። ፕሬዚዳንት ካውንዳ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ከሚተላለፈው ሙዚቃ 95 በመቶው የዛምቢያ ይሁን ብሎ አዘዘ፣ እንግዲህ ሬዲዮው የሚያጫውተው ሲያጣ ልጆቹ ፈዝ ፔዳላቸውን ይዘው ገቡበት። ዊች የሚባለው ባንድ ቀዳሚው ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1972 ወጣ፣ ራሳቸው አሳትመው ኮንሰርታቸው ላይ ይሸጡት ነበር። ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ጃጋሪ ነው ቅጽል ስሙ፣ ከሚክ ጃገር የመጣ። በ1975 ያወጡት ሌዚ ቦንስ ላይ ጊታሩ እንደ ተናዳፊ ንብ ነው፣ ድራሙ ሥር ግን የሠርግ ቤት ምት አለ፣ አንገትህ ሳታዝዘው ይነቃነቃል። በዚያው ዓመት የወጣው የአማናዝ አልበም ደግሞ አፍሪካ ይባላል፣ እሱ ዝግ ያለ ነው፣ ያዘነ ነው፣ በእንግሊዝኛም በቤምባም ይዘፍናሉ፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ስማው።

ከዛ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ደሞዙ ደረቀ፣ በጎረቤት አገር ጦርነት የተነሳ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ማታ የሚጫወት ባንድ ምን ይበላል? ኤችአይቪ ሲመጣ ደግሞ ያን ትውልድ ጠራርጎ ወሰደው፣ ከዊች የመጀመሪያ አባላት በሕይወት የቀረው ጃጋሪ ብቻ ነው። የሙዚቃ አስተማሪ ሆነ፣ በኋላ የከበረ ድንጋይ ለመቆፈር ማዕድን ወረደ፣ እና ሸክላዎቹን ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አግኝተው እንደገና ሲያሳትሙ እሱም እንደገና ማይክ ያዘ፣ በ2023 አዲስ አልበም አወጣ። ይሄን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ሰውየው ካረጀ በኋላ ነው ዓለም የሰማው።

ሌጎስ ላይ ኦፌጌ የሚባሉ ነበሩ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በ1973 አልበም ያወጡ። እነሱንም ፈልግ።

ሙላቱን በተመለከተ፣ አዎ ጅማ ነው የተወለደው፣ በ1936 ዓ.ም.፣ እኛም እንኮራበታለን፣ ግን ሳይኬዴሊክ ሮክ ብዬ አልጠራውም። የሱ ሥራ ኢትዮ ጃዝ ነው፣ ዋዋ ጊታር ቢኖርበትም መሠረቱ ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ጋር ማስታረቅ ነው፣ ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ሳይኬዴሊክ የሚል ወረቀት ሲለጥፉበት ሥራውን ያሳንሱበታል። ለምን እኛ ጋ እንደ ዛምቢያ የጊታር ባንድ አልፈላም ለሚለው የኔ ግምት፣ እኛ ጋ ባንድ ለድምፃዊ አጃቢ ነው የነበረው፣ ጊታሪስቱ ወደፊት የሚወጣበት ቦታ ጠባብ ነበር፣ ቦታው ሊሰፋ ሲል ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ሁሉ ነገር ተቀየረ፣ የማታው ከተማ ተዘጋ።

አንተ ግን ጊታሪስት ስለሆንክ አንድ ነገር ልንገርህ። ፈዝ ስትከፍት ሙሉ ኮርድ አትምታ፣ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ይጋጩና ጭቃ ይሆናሉ። አንድ ዜማ ብቻ ይዘህ ሂድ። የኛ ሙዚቃ ደግሞ ከድሮም በአንድ ዜማ መስመር የሚሄድ ነው፣ ክራሩም ማሲንቆውም፣ ስለዚህ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን ፈዝ ላይ ብትጫወት ምንም ሳትጨምርበት ይቀመጣል። ሞክረውና ንገረኝ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ አባቴ ሲሞት አንድ ካርቶን ሙሉ ትናንሽ ሸክላ ትቶልኛል። የጅማ እርጥበት ሻጋታ አብቅሎባቸዋል። ልጣላቸው ወይስ ይጸዳሉ?

መልስ፦ እግዜር ያጽናህ። እባክህ እንዳትጥላቸው! አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ከጀመረ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላ አሳትሟል፣ ካይፋ የሚባል አሳታሚም ነበረ፣ ሌሎችም፣ ዛሬ አንዳንዱ በእጅ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። አንተ ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ሳታይ አትወስን።

ሻጋታው አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። መጀመሪያ ውጭ በረንዳ ላይ ሆነህ፣ አፍህን ሸፍነህ፣ ደረቁን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ። ከዛ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ሳህን ውስጥ አድርግ፣ ግን ንጹሕ መሆኑንና አሲድ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ሻጩን ጠይቅ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብታ ጨምርበት። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ነክረህ ጨምቀህ ሸክላውን በመስመሮቹ አቅጣጫ ዙሪያውን ጥረግ፣ በፍጹም ከመሐል ወደ ጠርዝ እንዳትጎትት፣ መስመሩን ትቧጭረዋለህ። መሐል ያለው ወረቀት ውሃ አይንካው፣ ስምና ቁጥር ያለው እዛ ነው። በሌላ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ድገመው፣ ከዛ ጥላ ውስጥ አቁመህ አድርቅ። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይጣመማል። የሻገተውን የወረቀት ከረጢት ጽሑፉን ፎቶ አንስተህ ለብቻ አስቀምጥ፣ ሸክላውን በአዲስ ከረጢት ክተት፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ክረምት ሻጋታው ይመለሳል።

ስታስቀምጥ እንደ መጽሐፍ አቁማቸው እንጂ አትደራርብ፣ ከግድግዳና ከወለልም አርቅ፣ ጅማ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ያልባል። ስታጫውት የማጫወቻውን ፍጥነት 45 ላይ አድርግ፣ 33 ላይ ካስቀመጥከው ድምፃዊው የሚያንቀላፋ ይመስልሃል። አንዱን ስትጨርስ የመሐሉን ወረቀት ላይ ያለውን ስም፣ ቁጥርና የባንዱን ስም ጻፍልኝ፣ በተለይ የባንዱን።