ከኋላ ገጹ የሚጀመር ንባብ፦ ስለ አውሮፕላንና ጠፈር ታሪክ ጥያቄና መልስ

የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ጨረቃ ላይ ስላሳረፈው የአሜሪካ ፕሮግራም፣ ስለ አፖሎ፣ ያልተጻፈ ነገር የቀረ አይመስለኝም። በየዓመቱ «አዲስ» እየተባለ የሚወጣው መጽሐፍ በእርግጥ አዲስ ነገር አለው?

መልስ፦ አብዛኛው የለውም። መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው ኋላ ያለውን የማስታወሻ ክፍል ነው። እዚያ የተጠቀሱት ሌሎች መጻሕፍት ብቻ ከሆኑ፣ ደራሲው የሌሎችን ድካም በአማረ ቋንቋ እየደገመ ነው። የቤተ መዛግብት ስም፣ የሣጥን ቁጥርና የአቃፊ ቁጥር ከተደረደረ ግን ሰውየው አቧራ ጠጥቶ የጻፈው ነውና ያለ ብዙ ማቅማማት እገዛዋለሁ።

ያም ሆኖ አፖሎ ገና አላለቀም። በ2019 ለወጣው ዘጋቢ ፊልም ዝግጅት ሲደረግ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ በወጉ ያልተመዘገቡ የሰፊ ፊልም ጥቅሎችና ወደ 11,000 ሰዓት የሚጠጋ የድምፅ ቅጂ ተገኝቷል። በ2022 የታተመው የአንዲ ሳውንደርስ «አፖሎ ሪማስተርድ» ደግሞ ሂውስተን በሚገኘው የናሳ ማዕከል በማቀዝቀዣ ተጠብቆ ከኖረው ዋና ፊልም የተሠራ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ስናያቸው የኖርናቸው ፎቶዎች የቅጂ ቅጂ ነበሩ። በመጀመሪያው ጉዞ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በአርምስትሮንግ እጅ ስለነበር የእሱ ፎቶ እጅግ ጥቂት ነው። ሳውንደርስ ከ16 ሚሊ ሜትሩ ተንቀሳቃሽ ፊልም ተከታታይ ምስሎችን ደራርቦ የአርምስትሮንግን ከቀድሞው እጅግ የጠራ ምስል አውጥቷል። እንዲህ ያለውን ነው አዲስ የምለው።

ጥያቄ፦ ናሳ የመጀመሪያውን የጨረቃ ጉዞ ዋና ቴፕ ራሱ አጥፍቶታል ይባላል። እውነት ከሆነ እንዴት እንመነው?

መልስ፦ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ከዚያ የሚቀዳው ጥርጣሬ ግን ውኃ አያነሳም።

ጨረቃ ላይ የነበረው ካሜራ በሰከንድ 10 ምስል ብቻ፣ በ320 መስመር ይልክ ነበር። ተራው ቴሌቪዥን ይህን መቀበል ስለማይችል፣ በምድር ጣቢያዎች ምስሉ በመቆጣጠሪያ መስኮት ላይ ይወጣና የቴሌቪዥን ካሜራ እንደገና ይቀርጸው ነበር። ዓለም ያየው ይህንን ደብዛዛ ሁለተኛ ቅጂ ነው። የጠራው የመጀመሪያ ሲግናል፣ ምናልባት ስርጭቱ ቢቋረጥ ተብሎ፣ ከሌላው የመረጃ ፍሰት ጋር በትልልቅ መግነጢሳዊ ቴፖች ላይ ይቀዳ ነበር። ስርጭቱ ስላልተቋረጠ ቴፑን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በኋላ የቴፕ እጥረት ሲመጣ ወደ 200,000 የሚሆኑ ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ዋሉ፤ እነዚያም አብረው እንደሄዱ ፍለጋውን ያካሄደው ቡድን በ2009 አሳውቋል። ስለዚህ የጠፋው የተሻለው ቅጂ ነው። የስርጭቱ ቅጂዎች አሉ፤ በዚያው ዓመት ታድሰዋል።

በዚህ ታሪክ የሚያናድደኝ ሰው ሁሉ ሴራ ሲፈልግ እውነተኛውን ጠላት ማለፉ ነው። ጠላቱ መጋዘን ጠባቂነት የማይመዘገብበት በጀት ነው። ለንጽጽር የሉናር ኦርቢተርን ቴፖች ተመልከቱ። እነዚህ አምስት ሰው አልባ መንኮራኩሮች በ1966 እና በ1967 ለአፖሎ ማረፊያ ሲፈልጉ ጨረቃን ፎቶ አንስተዋል። ወደ 1,500 የሚሆኑት ቴፖች ሊጣሉ ሲሉ አንዲት የናሳ ሠራተኛ «አይሆንም» ብላ አስቀረቻቸው። ማንበቢያ የሆኑትን ማቀዝቀዣ የሚያህሉ የአምፔክስ ማሽኖች ደግሞ በገዛ ቤቷ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለዓመታት አቆየቻቸው። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ቡድን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የናሳ ኤምስ ማዕከል፣ ቀድሞ የማክዶናልድ ምግብ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹን ጠግኖ፣ በ2008 ከጨረቃ አድማስ በላይ የምትታየውን ምድር በ1966 ሊታሰብ በማይችል ጥራት አወጣ። ምስሉ አርባ ዓመት ሙሉ በቴፑ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው አንባቢ ማሽን ነው።

የአፖሎ መቆጣጠሪያ ክፍል ድምፅም እንደዚሁ ነው። በ30 መስመር የተቀዳውን ቴፕ ማጫወት የሚችል አንድ ማሽን ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ መስመር ብቻ ነው። የቴክሳስ ዳላስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠላሳውንም በአንድ ጊዜ የሚያነብ የቴፕ ማንበቢያ ራስ አሠርተው 19,000 ሰዓት ያህል ድምፅ ወደ ዲጂታል ቀየሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሶቪየቶች በኩል ያለውን ታሪክ ማንን አምነን እናንብብ?

መልስ፦ ማንንም ብቻውን አትመኑ። የሶቪየት ሮኬቶች ዋና ንድፍ አውጪ የኮሮሊዮቭ ምክትል የነበረው ቦሪስ ቼርቶክ የጻፈው «ሮኬቶችና ሰዎች» በናሳ ተተርጉሞ በአራት ቅጽ በነፃ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ መሐንዲስ አላየሁም። ነገር ግን ግለ ታሪክ ነው፤ ነገሩ ካለፈ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የተጻፈ። ከጎኑ የኮስሞናውቶቹ አለቃ የነበረውን የጄኔራል ካማኒንን የዕለት ማስታወሻ አስቀምጡ። ካማኒን ማታ ማታ የጻፈው ንዴቱ ሳይበርድለት ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ። ሁለቱን አገናዝቦ የጻፈ የታሪክ ሰው ከተፈለገ አሲፍ ሲዲቂ አለ፤ በ2000 የወጣው ትልቅ ሥራው አሁንም መሠረት ነው።

የተደበቀው ቀላል አልነበረም። የኮሮሊዮቭ ስም በ1966 እስኪሞት ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም። ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው ሰው ጋጋሪን ከመንኮራኩሩ ተወርውሮ በራሱ ጃንጥላ መውረዱ ለዓመታት ተሸሽጓል፤ የክብረ ወሰን ደንቡ አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ይጠይቅ ነበርና። ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኩሶ አራቱንም ጊዜ የከሸፈው ኤን-1 የጨረቃ ሮኬት መኖሩ በግልጽ የታመነው በ1989 ነው።

ጥያቄ፦ የጠፋችው አሜሪካዊት አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት ተገኘች የሚል ዜና በየጊዜው አነባለሁ። የትኛው ነው እውነቱ?

መልስ፦ እስካሁን አንዱም። ኤርሃርትና የአውሮፕላኗን አቅጣጫ ይመራ የነበረው ፍሬድ ኑናን ሐምሌ 2 ቀን 1937 ፓስፊክ ላይ ጠፉ። በ2017 አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተገኘ ፎቶ አቀረበ፦ የማርሻል ደሴቶች ወደብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሰው፣ በጃፓኖች ተይዛለች የሚል ትንታኔ። አንድ ጃፓናዊ ጸሐፊ ግን ያንኑ ፎቶ በጃፓን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ስብስብ ውስጥ፣ በ1935 በታተመ የጉዞ መጽሐፍ ላይ አገኘው። እሷ ከመጥፋቷ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። በ2024 በሶናር የታየው «አውሮፕላን»ም ቀርበው ሲያዩት ድንጋይ ሆነ። ሴትዮዋን በሕይወት ማወቅ የሚፈልግ ወረቀቶቿን በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ያገኛል፤ ከመጥፋቷ ይልቅ ሥራዋ ይማርካል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው ሙዚየም ስሚዝሶኒያን ራይት ወንድማማቾችን «የመጀመሪያ» የሚላቸው ውል ስለፈረመ ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ ውሉ አለ። ሙዚየሙ የቀድሞ ኃላፊውን የላንግሊን ማሽን ሲያስቀድም ስለኖረ፣ ከወንድማማቾቹ አንዱ ኦርቪል ተቀይሞ አውሮፕላናቸውን በ1928 ለንደን ላከው። በ1948 ሲመለስ፣ ከእሱ በፊት ሰው ጭኖ በቁጥጥር የበረረ ሌላ ማሽን ነበር ብሎ ሙዚየሙ እንዳይናገር ተፈረመ። ለታሪክ ተቋም የማይመጥን ውል ነው። ይሁን እንጂ የውሉ ማስቀየም ከራይቶቹ ቀድሞ በረረ የሚባልለትን የጉስታቭ ዋይትሄድን የ1901 በረራ እውነት አያደርገውም፤ እርሱ በረረ የሚያሰኝ ፎቶ የለም።

የራይቶቹን ግን ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 የተነሳውን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። አሸዋው ላይ የእግር ዱካ አለ፤ ክንፉ ተደግፎበት የነበረው አግዳሚ ቀርቷል፤ አካፋ ወድቋል፤ ሌላው ወንድም ዊልበር ገና ሩጫውን እንዳቆመ ቆሟል። ያነሳው ጆን ዳንኤልስ የተባለ የባሕር ነፍስ አድን ሠራተኛ ነው። በረራው 12 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ቀን አራተኛው 59 ሰከንድ ቆየ። ከፎቶው ሌላ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤዎቻቸውንና ማስታወሻዎቻቸውን ይዟል። የፈጠራ መብታቸው መዝገብ እንኳ ከ1980 ጀምሮ ጠፍቶ፣ በ2016 ካንሳስ ውስጥ ካለ የዋሻ መጋዘን ያለ ቦታው ተቀምጦ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹ የጄት መንገደኛ አውሮፕላኖች የነበሩት የብሪታንያ ኮሜቶች በአራት ማዕዘን መስኮቶቻቸው ምክንያት ነው የወደቁት?

መልስ፦ በከፊል። ከባሕር በወጣው ስብርባሪ ላይ ስንጥቁ የጀመረው ጣሪያው ላይ ለአንቴና ከተቆረጠ ቀዳዳ አጠገብ ነው። የ1955ቱን የምርመራ ዘገባ ያላነበበ ጸሐፊ በዚህ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ በናዚ ጀርመን፣ ኋላም በአሜሪካ ሮኬት የሠራው ቮን ብራውን ስለ እስረኛ ካምፖቹ አያውቅም ነበር የሚሉ አሉ። መዛግብቱ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ያውቅ ነበር። ቪ-2 ሮኬት በተገጣጠመበት በሚተልባው-ዶራ 60,000 ያህል እስረኞች አልፈዋል፤ ወደ 20,000 የሚሆኑት ሞተዋል። ነሐሴ 15 ቀን 1944 ቮን ብራውን ራሱ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ቡከንቫልድ ወደተባለው ካምፕ ሄዶ ሙያ ያላቸውን እስረኞች ስለመምረጡ ይናገራል። ማይክል ኑፌልድ በ1995 እና በ2007 ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህን በሰነድ አስደግፎ አቅርቧል። ከዚያ በፊት የተጻፉ ብዙ የቮን ብራውን ታሪኮች ከመደርደሪያዬ ወርደዋል።

ጥያቄ፦ በ1986 ስለፈነዳው የጠፈር መንኮራኩር፣ ስለ ቻሌንጀር፣ አንድ መጽሐፍ ቢመርጡልኝ?

መልስ፦ ለትረካ በ2024 የወጣው የአዳም ሂጊንቦተም። ኃላፊዎቹ መሐንዲሶቹን ለምን እንዳልሰሙ ለመረዳት ግን የዳያን ቮን የ1996 ሥራ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሮኬት የሚሠሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው። የእነርሱን ታሪክ ማን ይጽፈዋል?

መልስ፦ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንጂ ኩባንያን አይደለም። የኤሪክ በርገር ሁለቱ የስፔስኤክስ መጻሕፍት፣ የ2021ዱና የ2024ቱ፣ ግሩም ናቸው፤ የቆሙት ግን በአብዛኛው በቃለ መጠይቅ ላይ ነው። ቃለ መጠይቅ የሚሰጠው ደግሞ ያሸነፈው ነው። ነገ የሚመጣው የታሪክ ሰው የመንግሥት ውሎችንና የማስወንጨፊያ ፈቃድ ሰነዶችን ይዞ ከውጭ ወደ ውስጥ መገመት ይኖርበታል። የሚገርመው የቀዝቃዛው ጦርነት ስለላ እንኳ ከዚህ የተሻለ ዱካ ትቷል፦ ፊልሙን ከጠፈር በጃንጥላ እየጣለ በአውሮፕላን አየር ላይ ያስጠልፍ የነበረው ኮሮና የተባለው የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ፕሮግራም በ1995 ከሚስጥርነት ሲወጣ ከ860,000 በላይ ምስሎች ለሕዝብ ተከፍተዋል።

ጥያቄ፦ ገንዘብም ጊዜም የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመጽሐፍ አትጀምር። «አፖሎ ኢን ሪል ታይም» የተባለው ድረ ገጽ የአፖሎ 11ን ጉዞ ድምፅ፣ ምስልና የንግግር ጽሑፍ በሰዓቱ አሰልፎ በነፃ ያቀርባል፤ ንግግሩ አጫጭር ስለሆነና ጽሑፉ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። ከተነሱ 102 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ሂድ። አርምስትሮንግ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ እንዳሳየ ይናገራል፤ ቁጥሩ 1202 ነው። አንድ ጊዜ የጠፈርተኞቹን መስመር ስማ፤ ከዚያ ወደኋላ መልሰህ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መስመር ክፈት። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የ26 ዓመት መሐንዲስ ስቲቭ ቤልስ «እንቀጥል» ለማለት የነበረው ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ራስህ ትቆጥራለህ።