ጀልባው ከውጭ ይምጣ ወይስ እዚሁ ይሠራ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እኔና ሁለት ወንድሞቼ ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። አሁን ደግሞ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ከሚኖሩ የእናታችን ዘመዶች ጋር ሆነን፣ በሐይቁ ላይ እንግዶችን የሚያዝናና 12 ሰው የሚይዝ ጀልባ ለማሠማራት አስበናል። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን «ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ ከነሞተሩ ገዝቼ ልላክላችሁ፤ ስጦታ ስለሆነ ቀረጡ አይከብድም» ይላል። እዚህ ከተማችን የብረታ ብረት ሥራ ያላቸው አንድ ባለሙያ ደግሞ «ላሜራ ቆርጬና በይጄ አስረክባችኋለሁ» ብለውናል። የትኛው ያዋጣናል? ቀረጡስ እንዴት ይሰላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተከበራችሁ ጠያቂዎቻችን፣ ምክራችን የጀልባውን አካል እዚሁ አሠርታችሁ ሞተሩን ብቻ አዲስ ከውጭ እንድታስመጡ ነው። ታላቅ ወንድማችሁ በቅን ልቦና እንዳሰቡት አንጠራጠርም። ነገር ግን የጀልባ ዋጋ ያለው በሞተሩና በሠሪው እጅ ላይ ሲሆን፣ የማጓጓዣ ወጪው የሚታሰበው በሚይዘው ቦታ ነው። ጀልባን በመርከብ ማስመጣት ባዶ ጎተራ ጭኖ እንደ መጓዝ ነው፤ የሚከፈለው በአብዛኛው ለአየሩ ነው። የተለመደው ኮንቴይነር የውስጥ ወርዱ 2.35 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚሰፋ ጀልባ አይገባበትም፤ ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት በሌላ መንገድ ይጫናል። ወጪው በዚህ አያበቃም። የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው በመግዣው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና መድኑ ተደምረውበት በመሆኑ፣ ለአየሩ የከፈላችሁት ገንዘብ ራሱ ተመልሶ ቀረጥ ይወልዳል።

አሰላሉን በምሳሌ እናሳያችሁ። ጀልባው ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 1,000,000 ብር ቢያወጣና የጉምሩክ ቀረጡ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 20 በመቶ ነው ብንል፣ ቀረጡ 200,000 ብር ይሆናል። ኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ግብር) ያለበት ዕቃ ቢሆን ኖሮ በዚህ ድምር ላይ ይጨመር ነበር፤ ለምሳሌያችን ትተነዋል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ በ1,200,000 ብር ላይ ስለሚታሰብ 180,000 ብር፣ ሱር ታክሱ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ግብር) 10 በመቶ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በሚመጣው 1,380,000 ብር ላይ ስለሚታሰብ 138,000 ብር ይሆናል። ከዚያም በመነሻው 1,000,000 ብር ላይ የሚታሰቡት 3 በመቶ ቅድመ ግብርና በ2014 ዓ.ም. የተጨመረው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 30,000፣ 30,000 ብር ይሆናሉ። ድምሩ 578,000 ብር ነው። ልብ በሉ፤ የጉምሩክ ቀረጡ ጨርሶ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ በዚሁ አሰላል የሌሎቹ ድምር 325,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ የጉምሩክ አስተላላፊያችሁን «ቀረጡ ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ሁሉም መስመር ተሰልቶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ቅድመ ግብሩ በዓመቱ መጨረሻ ከገቢ ግብራችሁ ላይ ይቀነስላችኋል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁም የከፈላችሁትን ከምትሰበስቡት ጋር የምታቀናንሱበት አሠራር አለ። የጉምሩክ ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን በጀልባው ዋጋ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ።

ስጦታ መሆኑ የሚያቃልለው ነገር የለም። ጉምሩክ የሚመለከተው ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ እንጂ ማን እንደከፈለው አይደለም፤ የግዢ ዋጋ ከሌለው ደግሞ ቀደም ብለው የገቡ ተመሳሳይ ዕቃዎችን ዋጋ እያየ ራሱ ይተምናል። ያገለገለ ጀልባ ሲሆን ይህ ግምት ለክርክር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በዚያ ላይ የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቀረጡ ምጣኔ ሳይለወጥ የሚከፈለው ብር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጀልባ ያስገባ ሰው የነገራችሁን ቁጥር ለእቅዳችሁ መነሻ አታድርጉት።

ምጣኔው የሚወሰነው ዕቃው በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ በሚያርፍበት አንቀጽ ነው። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የመዝናኛና የስፖርት ጀልባዎች አንቀጽ 8903 ላይ ሲገኙ፣ ሰው ለማጓጓዝ የተሠሩ፣ የሽርሽር ጀልባዎችን ጨምሮ፣ አንቀጽ 8901 ላይ ናቸው። የእናንተ ጀልባ ለክፍያ ሰው የሚያንሸራሽር በመሆኑ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ ጥያቄ ይነሳበታል፤ መልሱንም የሚሰጠው የጀልባው አሠራር እንጂ ባለቤቱ ሊያውለው ያሰበው አገልግሎት ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚገጠመው የቤንዚን ሞተር ለብቻው ሲመጣ በ8407፣ ጀልባው የሚጎተትበት ተሳቢ በ8716 ሥር ይመደባል። የአገራችን ታሪፍ ከዜሮ እስከ 35 በመቶ የሚደርሱ ደረጃዎች ስላሉት፣ በየትኛው አንቀጽ ማረፉ ቀላል ነገር አይደለም። የጀልባውንና የሞተሩን ፎቶግራፍ፣ ልኬትና የአምራች መግለጫ ይዛችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ምድብ በጽሑፍ ጠይቁ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ካላችሁም ሞተሩ እንደ ካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ሊገባ ይችል እንደ ሆነ የክልሉን ኢንቨስትመንት ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ጥያቄ የመጋዘን ኪራይ ያስቆጥራል።

ስለ ሞተሩ ካነሳን፣ ወንድማችሁ ባሕር ዳርቻ ላይ ሞክረው የሚወዱት ሞተር ሐይቅ ላይ ያንኑ አቅም አይሰጥም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ስስ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ለ12 ሰው በዝቅተኛ ቦታ የሚበቃውን ሞተር ሳይሆን ከፍ ያለውን ምረጡ፤ ሻጩም ለከፍታ የሚስማማ፣ በአንድ ዙር ትንሽ የሚገፋ ፕሮፔለር እንዲልክ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ይህ ችግር የለበትም፤ ለአጭር ሽርሽር አስቡበት። አዲስ ሞተር የምንመክረውም መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ ዓይነት እንድትመርጡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ሞዴል አንዲት የውኃ ፓምፕ ጎማ ስትበላሽበት ወር ሙሉ ይቆማል።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃኑ ባለሙያ እንምጣ። ብረት በያጅ ሁሉ ጀልባ ሠሪ አይደለም፤ በር የሚሠራ ሰው የብየዳው መስመር ውኃ ቢያሳልፍ አይጨነቅም። ስለዚህ ንድፉን ጣና ላይ ጀልባ የሠራ ሰው ወይም የመርከብ ምሕንድስና የተማረ ባለሙያ ያውጣው፤ የከተማችሁ ባለሙያ ደግሞ በንድፉ መሠረት ይቁረጥ፣ ይበይድ። ስትረከቡ ይህን ፈተና ሳታዩ አትፈርሙ፦ የብየዳው መስመር በውጭ በኩል በውኃ በተበጠበጠ ጠመኔ ይቀባና ይድረቅ፤ በውስጥ በኩል በዚያው መስመር ላይ ላምባ ይቀባ። ላምባ ውኃ በማያልፍበት ቀዳዳ እንኳ ስለሚያልፍ፣ ብየዳው ክፍተት ካለው በነጩ ጠመኔ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ያ ቦታ ተፍቆ እንደገና ይበየድ፤ ከላዩ ላይ ቀለም መደረብ መፍትሔ አይሆንም። ከመቀመጫዎቹ ሥር ያሉት ዝግ ክፍሎችም ውኃ በማይጠጣ ፎም ይሞሉ፤ ብረት ጀልባ ውኃ ከገባበት ያለዚህ ይሰምጣል፣ ሐይቁም ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንነግራችሁ አናልፍም። ሙሉ ጀልባ ደብረ ብርሃን ላይ ተሠርቶ ወደ ሐይቅ ሲሄድ በጣርማ በር መሿለኪያ ማለፍና የደብረ ሲናን ቁልቁለት መውረድ አለበት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስቆፈሩት ይህ መሿለኪያ ሰፊ ጭነት ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ከፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር መተላለፉም አለ። ላሜራው ደብረ ብርሃን ላይ ተቆርጦና ጎብጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በተራ የጭነት መኪና ይሂድና የመጨረሻው ብየዳ ሐይቁ ዳር ይሁን እንላለን። ለበያጁ የሚከፈለው አበልና የጄኔሬተር ኪራይ፣ ሙሉ ጀልባ ለመጫን ከሚጠየቀው ሒሳብ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ሞተሩ በበኩሉ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ ቢጓጓዝ፣ ለሐይቅ የቀረበ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊትም ስለ ጀልባው ምዝገባና ስለ ነጂው ብቃት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንንና የአካባቢውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጀልባው ተፈታትቶ «መለዋወጫ» ተብሎ ቢመጣ ቀረጡ አይቀንስም ወይ? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አይቀንስም። በዓለም አቀፉ የአመዳደብ ደንብ መሠረት ተፈታትቶ የመጣ ዕቃ እንደ ሙሉው ዕቃ ይቆጠራል፤ ያልተጠናቀቀ የጀልባ አካል እንኳ ምን ዓይነት ጀልባ እንደሚሆን የማይለይ ከሆነ ለብቻው የተመደበ አንቀጽ አለው። ከዚህ አልፎ ዕቃውን በሐሰት ስም ማስመዝገብ ወንጀል ነው። ከላይ ለደብረ ብርሃን ጠያቂዎቻችን የመከርነው ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ ሞተሩ በራሱ ስም፣ በራሱ አንቀጽ የሚገባ ሙሉ ዕቃ ሲሆን፣ አካሉ እዚህ አገር ይሠራል።

ጥያቄ፦ የምጣኔ ሀብት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «በውጭ ጀልባ ላይ ቀረጡ ቢጨመር የአገር ውስጥ ሠሪ ይጠቀማል» ብለው ይከራከራሉ። ምን ትላላችሁ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ግማሹን አግኝተውታል። ቀረጥ ሠሪውን የሚጠቅመው በግብዓቱ ላይ ያለው ቀረጥ አነስተኛ ሲሆን ነው። በዓለም ገበያ 100 ብር የሚያወጣ ጀልባ አለ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 70 ብሩ ላሜራ፣ ሬዚን (ፋይበርግላስ የሚሠራበት ማጣበቂያ ፈሳሽ) እና ሞተር ሲሆን 30 ብሩ የሠሪው ድካም ነው። በጀልባው ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ቢጣል ሠሪያችን እስከ 120 ብር ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን በግብዓቱ ላይ 30 በመቶ ቢከፍል፣ 70 ብሩ 91 ብር ይሆንበትና የሚተርፈው 29 ብር ነው፤ ቀረጥ ጨርሶ ባይኖር ያገኘው ከነበረው ያንሳል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ቢያሠሯቸው ክርክሩ መልክ ይይዛል።

የአሜሪካ ታሪክም ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እዚያ አገር በውጭ የመዝናኛ ጀልባ ላይ የነበረው መደበኛ ቀረጥ 1.5 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. መንግሥት ከውጭ በሚገባ አሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ፣ በብረት ላይ 25 በመቶ ሲጨምር፣ የአሉሚኒየም ጀልባ የሚሠሩት የአገሩ ፋብሪካዎች ግብዓታቸው ተወደደ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት በአሜሪካ ጀልባዎች ላይ 25 በመቶ፣ ካናዳ 10 በመቶ አጸፋ ስለጣሉ፣ እነዚሁ ፋብሪካዎች በመሸጫውም በኩል ተመቱ። የካናዳው በ2019፣ የአውሮፓው በ2022 መጀመሪያ ተነሣ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነ የጀልባ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ተጥሎ ነበር። ግብሩ የታሰበው ሀብታሙን ለማስከፈል ሲሆን፣ ሀብታሙ ግዢውን ተወው፤ ሥራቸውን ያጡት አናጢዎችና የፋይበርግላስ ሠራተኞች ሆኑ። በ1993 ተሻረ። እውነት ለመናገር፣ አሜሪካ የአገር ውስጥ ሠሪዋን አጥብቃ የምትጠብቀው በቀረጥ ሳይሆን በሌላ ሕግ ነው፦ ውጭ አገር የተሠራ ጀልባ በወደቦቿ መካከል ለክፍያ ሰው እንዳያጓጉዝ ትከለክላለች፤ ለአነስተኛ ጀልባ ልዩ ፈቃድ የምትሰጠውም ቢያንስ 3 ዓመት ለሞላውና ከ12 ያልበለጠ ተሳፋሪ ለሚጭን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በሐይቆቻችን ላይ የሚሠሩ ጀልባዎች እዚሁ እንዲሠሩ ከልባችን እንመኛለን። ለዚህም በሙሉ ጀልባ ላይ ያለውን ቀረጥ ከመጨመር ይልቅ ከኋላ በሚገጠም ሞተር፣ በሬዚንና በመርከብ አሉሚኒየም ላይ ያለው እንዲቀነስ መጠየቁ ይቀድማል። የታሪፍ ፖሊሲ የሚወጣው በገንዘብ ሚኒስቴር እንጂ በጉምሩክ ኮሚሽን ስላልሆነ፣ የጣና ጀልባ ሠሪዎችና የደብረ ብርሃን የብረታ ብረት ባለሙያዎች በማኅበር ሆነው የግብዓታቸውን ዝርዝር ከነታሪፍ አንቀጹ ይዘው ጥያቄውን ለዚያ ቢያቀርቡ ተገቢ ነው።