ቀብድ ከፍዬ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠብኝ

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጠያቂው ለገና ከባለቤታቸው ጋር አንኮበር ሁለት ሌሊት ለማደር አስበው፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የእሳት ምድጃ ያለው ክፍል በስልክ ይይዛሉ። ዋጋው 9,000 ብር ነው። 3,000ውን በቴሌብር አስቀድመው ይልካሉ። አመሻሽ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እንግዶች እሳት ይሞቃሉ። የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ ሰዎቹ አንድ ሌሊት እንጨምር አሉ፣ ምን ላድርግ?» ብለው ከጓሮ ምድጃ የሌለው ክፍል ያሳዩዋቸዋል። ጠያቂው እምቢ ብለው በኮንትራት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳሉ። እመቤቲቱ አሁን «3,000ህን ልመልስልህ፣ ከዚያ በላይ የለብኝም» ብለዋል። እውነት የለባቸውም ወይ?

አለባቸው። ከላኩልኝ የስልክ መልእክቶች መካከል እመቤቲቱ የጻፏት አንዲት መስመር አለች፦ «ቀብድ 3 ሺህ ደርሶኛል፣ ባለ ምድጃው ተይዞልሃል።» ለእኔ ከቴሌብሩ ደረሰኝ ይልቅ እሷ ትበልጣለች። ደረሰኙ የሚያሳየው ገንዘብ መላክዎን ብቻ ነው። «ቀብድ» የምትለው ቃል ግን በሕግ የራሷ ዋጋ አላት።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ቁጥር 1885 ደግሞ በሌላ አኳኋን ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተወው እጥፉን ይመልሳል ይላል። የፊተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ «ቀብድ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍም ሞልቷል። የኋለኛውን የሚለጥፍ ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ የሚጠይቁት 6,000 ብር ነው።

እመቤቲቱ «ወረቀት ላይ አልፈረምንም» ቢሉ አይጨነቁ። እንዲህ ያለ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም። የስልክ መልእክትም በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ ዋጋ አለው። መልእክቱን ብቻ እንዳያጠፉት።

«ሰዎቹ አልወጣ ብለውኝ ነው» የሚለው መከራከሪያ ትንሽ ያስቸግራል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ያጋጠመውን ሰው ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፤ ቁጥር 1792ን ይመልከቱ። ነገር ግን እንግዶቹ በጉልበት አልተቀመጡም፤ እመቤቲቱ ፈቅደው ነው። ዘበኛው «ጨምረው ከፍለዋል» ብሎ ሹክ እንዳለዎት ነግረውኛል። እሱን ፍርድ ቤት ቆሞ ይናገራል ብለው ግን አይመኑ፤ እንጀራው እዚያው ነው።

የጓሮውን ክፍል እምቢ ማለትዎ ጠቅሞዎታል። ቢያድሩበት ኖሮ «በለውጡ ተስማምቷል» መባልዎ አይቀርም ነበር። «ክፍል ክፍል ነው» የሚል ካለም አንኮበርን አያውቅም። እኔ በታኅሣሥ አድሬበታለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሁለት ደርቤ እግሬ ሊሞቅ አልቻለም። እዚያ ምድጃ ጌጥ አይደለም፤ ውሉ ራሱ ነው።

ለመኪናው የከፈሉት 1,500 ብር? እጥፉን ተቀብለው በላዩ ኪሳራ ደግሞ መጠየቅ አከራካሪ ነው። ይጠይቁ፣ ግን አገኘዋለሁ ብለው አይቁጠሩት። ይህ የኪሳራ ጥያቄ የሚበረታው ተቃራኒ ወገን «ገንዘቡ ቀብድ ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው» ካለ ነው። ያኔ 3,000ው ይመለሳል፤ ውሉ ባለመፈጸሙ የደረሰብዎት ኪሳራም ይታሰባል።

አሁን አጭር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፉ። 6,000 ብሩን፣ ቀኑንና የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ መስጠትዎን ይግለጹ። በመልእክትም በእጅም ይድረሳቸው። እምቢ ካሉ ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለ6,000 ብር ከአዲስ አበባ አንኮበር መመላለስ አያዋጣም፤ ከደብረ ብርሃን ብቻ እንኳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሁለት የአካባቢው ሽማግሌ እልክ ነበር። 5,000 ላይ ቢያስማሟችሁ ይቀበሉ፤ ብቻ በጽሑፍ ይሁንና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

የሾፌሩን ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ ይያዙ። ያን ሌሊት በጭጋጉ ውስጥ ደብረ ብርሃን ያደረሰዎት እሱ ነው፤ ከደጅ ስትመለሱ ያየም እሱ ነው።