ስድስት ፊርማ የጠየቀው ጎማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከዚሁ ከአዳማ፣ ከፍራንኮ አካባቢ ነው። እሁድ ቡና ላይ ከአጎቴ ጋር ተጨቃጨቅን። እሱ የቀድሞ ወታደር ነው። አሜሪካ የመከላከያ ሠራተኞቿንና ጄኔራሎቿን እየቀነሰች ነው የሚል ዜና ሰምቶ «ጎሽ! ጠመንጃ ያልያዘ ሁሉ ትርፍ ነው» አለ። እርስዎ ግምጃ ቤት ውስጥ ስለሠሩ ይፍረዱን።

መልስ፦ ከመፍረዴ በፊት ጥቅሜን ልናገር። አሁን የምተዳደረው በጽህፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ካርቦን ወረቀትና የማህተም ቀለም እሸጣለሁ። ቢሮክራሲ ቢቀነስ መጀመሪያ የምከስረው እኔ ነኝ።

አጎትህ ግማሹን አግኝቶታል። ትርፍ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ነው የሳተው።

በእኔ ጊዜ ከአንድ ግምጃ ቤት የመኪና ጎማ ለማውጣት ስድስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ሾፌሩ መጠየቂያውን፣ ሞዴል 20ን ይሞላል። አለቃው ይፈርማል። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገብቶ ይወጣል። አንዱ ሹም ጠርዙ ላይ «የሚመለከተው ክፍል ይየው» ብሎ ይመራዋል። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ይመልሰዋል። ስድስቱ ፈራሚዎች ጎማውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የምናውቀው እኔና ሁለት የግምጃ ቤት ልጆች ነን። እንደምንም በአራተኛው ቀን የወጪ ደረሰኙ፣ ሞዴል 22 ተቆርጦ ጎማው ይወጣል።

አንድ ቀን «የሰው ኃይል ይቀነስ» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ግልባጩ ለአምስት ክፍል። ማን ተቀነሰ? ሁለቱ ልጆች። ፈራሚዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲያ ጎማ የሚወጣው በ11 ቀን ሆነ። የምቆጥረው፣ የምሸከመው፣ የምመዘግበው ብቻዬን ነበራ። አንዴማ ጎማው ሲወጣ መኪናው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ አገኘነው።

የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ ያሉትን ስሰማ ጎማዬ ትዝ አለኝ። አፍጋኒስታን ላለ ጦር አንድ ውሻ ከነተቆጣጣሪው ይላክልን የሚል ጥያቄ፣ ባለአራት ኮከብ ጄኔራል የሚመራቸው 5 መምሪያዎች ዘንድ ማለፍ ነበረበት! ጌትስ አንድ ትልቅ ዕዝ እስከ ማዘጋት ደርሰዋል። ከሥራው ብዙው ግን ወደ ሌላ መምሪያ ተዛወረ።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1914 ሥራ ላይ የነበሩት ትልልቅ የጦር መርከቦች 62 ነበሩ። በ1928 የቀሩት 20 ናቸው። በዚያው ጊዜ የዋናው መሥሪያ ቤት ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 አደጉ። ፓርኪንሰን የሚባል የታሪክ ምሁር ነው ይህን ያወጣው። እንደ እሱ አባባል፣ ሹም ሥራ በዛብኝ ሲል ሁለት ረዳት ይጠይቃል። ሁለቱ እርስ በርስ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ሹሙም ያንን ሲያነብ ይውላል።

አጎትህ የሰማው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ዜና ይመስለኛል። ባለአራት ኮከብ ጄኔራሎች ቢያንስ በ20 በመቶ እንዲቀነሱ ታዘዘ። ሲቪል ሠራተኛውንም ከ5 እስከ 8 በመቶ እንቀንሳለን ተባለ። የጄኔራሎቹን እደግፋለሁ፤ ቢሯቸው አብሮ ከተዘጋ ፊርማ ይቀንሳል። የሲቪሉ ነው የሚያሰጋኝ። ደሞዝ የሚሠራው፣ መለዋወጫ የሚቆጥረው እሱ ነው። እሱ ሲሄድ ሥራው አብሮት አይሄድም። ወይ ወታደር ከሜዳ ተጠርቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ ሥራው ለኮንትራክተር ይሰጣል።

ለማንኛውም አጎትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ምሽግ ውስጥ ሳለ ደሞዙን ማን ይሠራለት ነበር? ጫማው ሲቀደድስ ወደ ማን ነበር የሚሄደው? መልሱን ሱቅ ድረስ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው በእኔ ነው።